ራስጌና ግርጌ

እንቅልፍ አጥቼ ሰንብቻለሁ፤ ይህቺ ሴትዮ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሚወጣ በሚገባበት የቤት ዕቃ መሸጫ መካከል፣ «ይተኙበት እንጂ ሲኞራ፣ አልጋ ቆመው አይመረጥም» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ይህን ሮም ሳልመጣ በፊት አውቀዋለሁ፤ ከጊዮርጊስ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ደርግ ትርፍ ቤት በወረሰ ማግሥት፣ ከእናቴ ከአክበረት ተምሬዋለሁ። ጫማዬን አወልቃለሁ። ካልሲዬ አልተቀደደም፣ ከቤት ስወጣ አገላብጬ አይቼዋለሁ፣ የአክበረት ልጅ ሰው ፊት የተቀደደ ካልሲ አታወጣም። ቦርሳዬን ሆዴ ላይ አድርጌ በጀርባዬ እጋደማለሁ። ከአናቴ በላይ ራስጌው ቆሟል፤ ወይን ጠጅ ከፋይ የለበሰ፣ በአዝራር እየተወጋ እንደ ማር እንጀራ የጎደጎደ። እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ አንዱን አዝራር እጎትተዋለሁ። አይነቃነቅም። «ካፒቶኔ ይባላል» ትለኛለች ሴትዮዋ፣ ለማያውቅ ሰው እንደምታስረዳ፤ ሳቄ ይመጣል፣ ምክንያቱም አልጋችንን የሠሩት ጋሽ እምሩም ካፒቶኔ ነበር የሚሉት፣ ፒያሳ ሱቅ ከነበረው ጣልያን ጋር ሲሠሩ የተማሩት ቃል ነው፣ እኔ ደግሞ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ሲባጎው ከጣውላው ጀርባ እንዴት እንደሚታሰር ጭምር ዓይኔ ሥር ሲሠራ አይቻለሁ፣ ግን ይህን ሁሉ ለሴትዮዋ ማስረዳት ምን ይጠቅመኛል። «አውቀዋለሁ» እላታለሁ፣ እሷም ትንሽ ታፍራለች፣ እኔም ትንሽ ደስ ይለኛል።

ዛሬ ሐሙስ ነው፣ የቤት ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ የምታርፍበት ቀን፣ ከዛሬ ሌላ ጊዜ የለኝም። እናቴ በሚቀጥለው ሳምንት ትመጣለች፣ አልጋው ከዚያ በፊት ቤት መግባት አለበት። ወይ ይህን ሰፊውን እወስዳለሁ፣ እሷና እኔ አብረን የምንተኛበትን፤ ወይ እዚያ መስኮቱ ሥር ካሉት ጠባቦች ሁለት እወስዳለሁ፣ አንዱን ለእሷ፣ አንዱን ለእኔ። ነገሩ ይኸው ነው። ሌላ ሰው ቢሰማው ይስቃል። እኔ ግን ዜናውን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እናቴ የደወለችው ከጎረቤታችን ከእትዬ አይናዲስ ቤት ነው፣ ስልክ ያላቸው እሳቸው ናቸው። ስልኩን ሁሌም የምትይዘው ሰው እንደሚነጥቃት አድርጋ ነው፣ ድምፅዋም ከአራት ኪሎ ፒያሳ የምትጣራ ይመስል ይጮኻል። «ሃሎ! ለተኪዳን! ትሰሚያለሽ ወይ ጓለይ!» ልጄ የምትለኝ በትግርኛ ነው፣ እኔም እናቴ የምላት። እሰማለሁ አደይ፣ ቀስ በዪ። «ያ ጉዳይ አለቀ!» የመውጫ ቪዛው ማለቷ ነው፣ በስልክ ስሙን አትጠራውም፣ የሚያዳምጥ አይጠፋም። አለቀ? «አለቀ አልኩሽ እኮ! ዓይኔን ለሐኪም ላሳይ ነው፣ ላንቺም አይደለም የምመጣው!» ከኋላ እትዬ አይናዲስ ሲስቁ ይሰማኛል። እልል ማለት ነበረብኝ። ደስም ብሎኛል፣ እግዜር ያውቃል፤ ግን ከደስታው ኋላ፣ ተረከዝ በተረከዝ ተከትሎ፣ አንድ ሐሳብ መጣ፣ እኔስ የት ልተኛ ነው የሚል። እናቴ የስንት ቢሮ ደጅ ጠንታ፣ በዚያ ጉልበቷ ደረጃ ወጥታ ወርዳ፣ እኔን ለማየት ስትመጣ፣ የእኔ ልብ ስለ ትራሱ ያስባል። ከዚያ ወዲያ የሽማግሌው አሠሪዬን ሾርባ ሳማስል፣ አውቶቡስ ላይ ቆሜ፣ ሁሌም እሱን ነው የማስበው። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ብቻዬን ነው የምተኛው። መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ ያሳጣኝ ብቸኝነቱ ነበር፣ አሁን ሰው አጠገቤ ሲተነፍስ ልተኛ አልችልም። እንዲህ ዓይነት ሰው የሆንኩት መቼ ነው? ማንም አላስገደደኝም። ቀስ እያለ ገባ፣ እንደ ብርድ።

ስልኩን ሳትዘጋ ምን እንዳለችኝ ላስታውስ። «አልጋሽ ሰፊ ነው?» አለችኝ። ሰፊ ነው አደይ። የምተኛው አከራዬ በሰጠችኝ ታጣፊ አልጋ ላይ ነው፣ ስገላበጥ ይጮኻል። «ራስጌ አለው?» አለው። «እንደኛው ነው?» እንደኛው ነው አልኳት፣ ስለዚህ ነው ዛሬ እዚህ የተጋደምኩት፣ የተናገርኩትን እውነት ለማድረግ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እሷ ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ የት ታውቃለች፣ «እንግዲህ ቤቱ ያንቺ ነው፤ ግርጌ እኔ እተኛለሁ» አለችኝ። መሥመሩም ተቋረጠ።

የፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ ሰውዬ አልገባውም። እንግዳ የሚያመጣ ሰው ማሳወቅ አለበት ተብዬ ሄጄ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ «እናትሽ የት ነው የምትተኛው?» አለኝ። አልጋዬ ላይ። «አንቺስ?» አልጋዬ ላይ። ብዕሩን አስቀመጠና አየኝ። «አልጋው አንድ ነው?» አንድ ነው። «ለሁለት አዋቂ?» እኛ ቤት አራትም ተኝተንበታል ልለው ነበር፣ ተውኩት። አንዷ በራስጌ፣ አንዷ በግርጌ፣ እግር ከእግር ተላልፎ፣ እንዴት አድርጌ በእሱ ቋንቋ እነግረዋለሁ? እጄን አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች አድርጌ አሳየሁት። ሳቀ፣ ጓደኛውን ጠራ፣ ድገሚለት አለኝ። አልደገምኩም። «ጌታዬ፣ አልጋ እገዛለሁ» አልኩት፣ ቀጥ ብዬ፣ ማኅተሙን እስኪመታልኝ ቆምኩ።

ጋሽ እምሩም እናቴ አልጋ ያዘዘች ቀን ስቀዋል። ከጊዮርጊስ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ጋሽ እምሩ አልጋና ሶፋ የሚያለብሱት የእግረኛ መንገዱ ላይ ተዘርግተው ነው፣ ሱቃቸው ከዕቃው በቀር ሰው አያስገባም። እናቴ የመጣችው ቤት ከተወረሰ በኋላ ነው። ከኋላ የነበሩንን የኪራይ ክፍሎች ቀበሌ ወስዷቸው፣ የክርና የአዝራር ሱቋ ቀዝቅዞ፣ ለእሷና ለእኔ አንድ ክፍል ቀርቶልናል። ሰው ሁሉ ዕቃውን በሚደብቅበት፣ ያለውን እንደሌለው በሚያስመስልበት ሰሞን፣ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ «እምሩ፣ ከፋይ የለበሰ ራስጌ ያለው አልጋ ሥራልኝ» አለች። ጋሽ እምሩ መዶሻቸውን አስቀመጡ። «አክበረት፣ ጤና የለሽም? ዘንድሮ እኮ ሰው የሽቦ አልጋውን እንኳ ብርድ ልብስ አልብሶ ነው የሚደብቀው። ካፒቶኔ ላይ ተኝተሽ ብትገኚ አድኃሪ ይሉሻል።» እሷም «ቤቴ ተወረሰ እንጂ እንቅልፌ አልተወረሰ!» አለቻቸው። ያን ጊዜ እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ፣ ጽሑፍ እመታለሁ፣ ሰው ያውቀኛል፣ ደግሞም ይህን በመሰለ ጮክ ያለ ድምፅ፣ መንገድ ላይ! እጇን ጎተትኳት። «ተዪኝ» አለች። «ሦስት ክፍል ሲኖረኝ አንዱ ቢያስጠላ ግድ የለኝም ነበር። አንድ የቀረኝ እንደሆነ ግን እሱ ማማር አለበት።»

መረጠች። ቀዩን ከፋይ አነሳች፣ ጣለች፣ ወይን ጠጁን ወደ ፀሐይ ወስዳ በመዳፏ ወደ ላይ ወደ ታች አሸችው። አዝራሩን ከራሷ ሱቅ አምጥታ በዚያው ጨርቅ ይለበስ አለች። ጋሽ እምሩ ተሠርቶ ያለቀ የሰው አልጋ ነበራቸው፣ «ቁመቱን በዚህ እዪው» ሲሏት ጫማዋን አውልቃ መንገድ ዳር ጋደም! ነጠላዋን እስከ አገጭዋ ስባ፣ ዓይኗን ጨፍና። የአራዳ ልጆች ያልፋሉ። «እማማ፣ አዳሩ በስንት ነው?» ይላል አንዱ። «ተሳስተዋል፣ ውቤ በረሃ በወዲያ ነው!» ይላል ሌላው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ነበር። እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ «ላንተ እናት ነው የምመርጥላት፣ እንዳንተ ያለውን ወልዳ ስለደከማት» ብላ መለሰች፣ ልጆቹ ራሳቸው አጨበጨቡላት። አሁን እኔም ይኸው እንደ እሷ ተጋድሜያለሁ፣ አንድ ባልና ሚስት ወንበር የሚያዩ መስለው ያዩኛል፣ ይዩኝ።

አልጋው ቤት ሲገባ በሩ ጠበበው፣ መቃኑን ነቅለን ነው ያስገባነው። ክፍሉን ሞላው። ወንበር ቀረ፣ እንግዳ የሚቀመጠው አልጋው ላይ ሆነ፣ ከፋዩን በጣቱ እየነካካ። ከአድዋ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ እዚያ ይተኛል። ሰዓት እላፊ የያዘው ጎረቤት እዚያ ያድራል፣ እትዬ አይናዲስ መንገዱን ተሻግረው መሄድ እየቻሉ «ዛሬም ሰዓት እላፊ ያዘኝ» እያሉ ይመጣሉ፣ አልጋውን ወደውት ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከእናቴ ጎን በራስጌ ይተኛል፣ እኔ ግርጌ። እንግዳ ከሌለም ግርጌ። አንድ ቀን ተቆጣሁ። ደመወዜን እኔ ነኝ የማመጣው፣ እነዚያ አዝራሮች ሥር አንድ ቀን እንኳ ራሴን አላሳረፍኩም አልኳት። ገርሟት አየችኝ። «ራስጌማ የእንግዳ ነው። አንቺ የቤት ልጅ አይደለሽ?» አለችኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም። ከግርጌ ሆኜ አዝራሮቹን አያለሁ፣ መብራት ሲጠፋም የት የት እንዳሉ አውቃለሁ፣ ውጭ ተኩስ ሲሰማ እናቴ ብርድ ልብሱ ውስጥ እጇን ሰድዳ የእግሬን አውራ ጣት ትይዛለች።  ይዛው ትቆያለች፣ እኔ እስክተኛ። ጠዋት ስለ እሱ ተነጋግረን አናውቅም።

አሰሳው የመጣ ቀን ማለዳ ነው። ቤት ለቤት መሣሪያ ይፈለጋል። ከታች ያለው ጎረቤታችን ሶፋው በሳንጃ ተተርትሮ ጥጡ ደጅ ተዘርግፏል፣ ሰውዬው ራሱ ተይዞ ሄዷል፣ ሚስቱ ጥጡን እየለቀመች ታለቅሳለች። እኛ ቤት ፍስሃ ይገባል፣ ሁለት ባልደረቦቹን አስከትሎ። ፍስሃ ከተወረሱት ክፍሎቻችን ባንዱ ተከራይ የነበረ ጎልማሳ ነው፣ አሁን አብዮት ጥበቃ ሆኗል፣ ጠመንጃው ከትከሻው አይወርድም፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ከአሰሳው መጀመሪያ ጀምሮ ጎኑ አልጋ እንዳልነካ ያስታውቃል። እኔ ግድግዳው ላይ ተጣብቄያለሁ። «እማማ አክበረት፣ ይቅርታ፣ ይሄ ራስጌ መከፈት አለበት።» «ለምን ልጄ?» «ያበጠ ነገር ነው፣ ውስጡ ምን እንዳለ በምን እናውቃለን?» «ያበጠው ጥጥ ነው።» «ሁሉም ጥጥ ነው ነው የሚለው!» ይላል ከባልደረቦቹ አንዱ፣ ሳንጃውን እየመዘዘ። እናቴ ሁለት እርምጃ ሄዳ ከሳንጃውና ከከፋዩ መካከል ትቆማለች። አታለቅስም፣ እግር ላይ አትወድቅም፣ ጭራሽ የምትቆጣም አትመስልም። «ና ፍስሃ» ትላለች። «ጫማህን አውልቅና ተኛበት። ብረት ካለበት ጎንህ ይነግርሃል። ያን ጊዜ ቅደደው።»

ባልደረቦቹ ሳቁ። «ተኛ እንጂ ጓድ፣ ፈራህ እንዴ?» ፈርቷል መባሉን አልወደደውም። ጫማውን ጎትቶ አወለቀ፣ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፣ እናቴ አይታ እንዳላየች ዞር አለች። ተጋደመ። ጠመንጃውን ደረቱ ላይ አድርጎ አናቱን በአዝራሮቹ መካከል ወደ ግራ ወደ ቀኝ አሸው፣ በክርኑ ደቆሰው። «ምንም የሚወጋ…» አለና አልጨረሰውም። እኔ እስከ ዛሬ ያን ያህል በፍጥነት የተኛ ሰው አላየሁም። አፉ ተከፈተ። አንዱ «ጓድ ፍስሃ ተማረከ!» ብሎ ሊጮህ ሲል እናቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «ዝም በሉ። እናት የወለደችው ነው፣ ይተኛ።» ጠመንጃ ለያዙ ሰዎች! ዝምም አሉ። ሳጥናችንን፣ ቁም ሣጥናችንን፣ የክር ካርቶኖቻችንን ፈተሹ፣ ግን በጣት ጫፍ እየረገጡ፣ በሹክሹክታ እየተጠያየቁ፣ ክዳን ሲያስቀምጡ እንኳ ቀስ አድርገው፣ ጨቅላ ያለበት ቤት እንደገቡ። ፍስሃ በራሱ ጊዜ ነቃ፣ ብድግ አለ፣ ጫማውን አጥልቆ የማናችንንም ፊት ሳያይ «ንጹሕ ነው» አለ። ሄዱ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ባገኘን ቁጥር «አልጋው ደህና ነው እማማ?» ይላል፣ እሷም «ይጠይቅሃል» ትለዋለች። በሩን ስትዘጋ ደግሞ «በራስጌዬ አብዮቱን አስተኝቼዋለሁ» ትለኛለች፣ በጆሮዬ።

ይህን ታሪክ እዚህ ላሉ የአገሬ ልጆች ሳወራ ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነው፤ ውስጡ ምን ነበር? ምንም። ጥጥ ነበር። አይጥማቸውም፣ ወረቀት ወይ ሽጉጥ ቢኖርበት ደስ ይላቸው ነበር። እናቴ ግን የቆመችው የደበቀችው ነገር ኖሮ አይደለም። አልጋዋ ነው። ለዚህ ብላ ነው የቆመችው። እኔ የዚያች ሴት ልጅ ነኝ፣ አሁን ደግሞ እሷን ከጎኔ ላለማስተኛት መስኮት ሥር ያለ ጠባብ አልጋ አያለሁ።

«ሌላውንም ይሞክሩት?» ትላለች ሴትዮዋ። እሞክረዋለሁ። ተነሥቼ በካልሲዬ ሄጄ ጠባቡ ላይ እጋደማለሁ። ጥሩ አልጋ ነው፣ አያንቋቋም፣ ፍራሹ ጠንካራ ነው፣ ብቻዬን ልክ ነኝ። አጠገቡ ያለው ጓደኛው ባዶ ነው። እናቴን እዚያ አስተኛኋት በሐሳቤ፤ ነጠላዋን እስከ አገጭዋ ስባ፣ ጣራውን እያየች፣ እንደ ሆቴል እንግዳ፣ እንደ ሆስፒታል በሽተኛ። እጇን ብትሰድ የምታገኘው አየር ነው። «ደስ የሚል አልጋ ነው፣ እግዜር ይስጥሽ» ትለኛለች። እኔን እግዜር ይስጥሽ ብላኝ አታውቅም። ያ ቃል የሰው ነው፣ ለባዳ የሚባል ነው። ተነሣሁ።

ወደ ሰፊው እመለሳለሁ፣ ግን ራሴን ወደ ራስጌው አላደርግም። ዞሬ በግርጌ እተኛለሁ፣ እግሬ ወደ አዝራሮቹ። «ሲኞራ፣ ተገልብጠዋል!» ትላለች ሴትዮዋ። አውቃለሁ። ባልና ሚስቱ ሳቃቸውን ይዘዋል። ከዚህ ሲታይ ራስጌው ሌላ ነው፤ ከሥሩ ስትተኚ አታዪውም፣ ከግርጌ ነው የሚታየው፣ ጠቅላላው፣ እጥፋቱ ከነጥላው፣ አዝራሮቹ ተደርድረው። ያን ሁሉ ዓመት ያማረው ቦታ የእኔ ነበር እኮ። ራስጌ የተኛ እንግዳ ሁሉ አልጋው ላይ ተኛ እንጂ አልጋውን አላየውም፣ ያየሁት እኔ ነኝ፣ እናቴንም ከእሱ ሥር፣ እንደ ንግሥት ተንጋላ። ግርጌ እኔ እተኛለሁ ትላለች ደግሞ! ቤቱ ያንቺ ነው ትላለች! በዚህ ጉዳይ ከእሷ ጋር እጣላለሁ፣ አውሮፕላን ጣቢያ ገና ሳልስማት እጣላለሁ፣ ምን ብዬ፣ አንቺ እዚህ እንግዳ ነሽ ብዬ፣ አይ፣ እሱማ ያስቀይማታል፣ ሌላ ነገር፣ ግርጌው ይበርዳል ብዬ፣ ጉልበትሽ ብዬ፣ የፒያሳው መንገድ ፀሐይ ነው፣ ጋሽ እምሩ ረጅሙን መርፌ በጥርሳቸው ይዘው ሲባጎውን ይስባሉ፣ አዝራሩ ወደ ከፋዩ ውስጥ ይሰምጣል፣ አንዱ ልጅ አዳሩ በስንት ነው ይላል፣ እናቴ ዓይኗን አልገለጠችም…

የእግሬን አውራ ጣት ሰው ይዞታል። «አደይ» እላለሁ። «አለሁ፣ አልነቃሁም።»

ዓይኔን ስገልጥ ሴትዮዋ ናት፤ እግሬን በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ፣ ሰውን ለመቀስቀስ የምታፍር ሰው እንደምታደርገው። ባልና ሚስቱ የሉም። መስኮቱ ላይ የነበረው ፀሐይ ወርዷል። «ልንዘጋ ነው ሲኞራ» ትለኛለች። «ልቀሰቅስዎት አልፈለግኩም፣ ሰውም ዝም እንዲል ነግሬያለሁ።» አፌ ደርቋል፣ ትራሱ ጉንጬ ላይ መሥመር አውጥቷል። አላፈርኩም። እንቅልፍ ከጠፋኝ ወዲህ የመጀመሪያው ነው፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ ውስጥ፣ ግርጌ ተኝቼ።

ቁጭ ብዬ ጫማዬን አጠልቃለሁ። «ይህን ነው» እላታለሁ። «ሰፊውን?» ሰፊውን። «በር ይገባል?» መቃኑን እንነቅላለን። አልገባትም፣ ግን ትስቃለች። ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ «ግን በሌላ በኩል ነው የተኙት፤ ራስጌውን አልወደዱትም?» ትለኛለች። ራስጌው የእናቴ ነው እላታለሁ።

ነገ ጠዋት እትዬ አይናዲስ ቤት እደውላለሁ። ይጥሯት፣ እየሮጠች ትምጣ፣ ስልኩን ሰው እንደሚነጥቃት ትያዘው። የሚያዳምጠንም ካለ ያዳምጥ። «አደይ» እላታለሁ፣ እኔም እንደ እሷ ጮክ ብዬ፣ «አልጋ ገዝቻለሁ፣ እንደኛው ነው። ራስጌው ያንቺ ነው። ግርጌውን ግን እንዳታስቢው፣ ለማንም አልለቅም።»